የሰቆጣን ጭስ ሊቆጥሩ የመጡት ሰውዬ

መሞታቸውን የነገረኝ ሞላ ነው፤ ከወልድያ ዱቄት የሚያመጣልኝ ሾፌር። ጆንያውን እያስወረደ፣ ፊቱን ወደ መኪናው እንዳዞረ፣ «ብርነሽ፣ እኒያ ጭስ ቆጣሪው ሽማግሌ አርፈዋል አሉ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ባሕር ዳር፣ ሰፈራቸው የሚኖር ዘመዴ።»

«ዘመድህ በዓይኑ አይቷል? ቀብር ቆሟል?»

ሞላ ሥራውን ትቶ ዞሮ አየኝ። «ኧረ ሴትዮ! ሰው ሞተ ሲባል ነፍስ ይማር ይባላል እንጂ እንደ መርማሪ ፖሊስ ይጠየቃል?»

እውነቱን ነው። ግን ምን ላድርግ? ጭስ ቆጣሪው ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው መሞታቸውን ቢነግሯቸው መጀመሪያ የሚሉት «ማን አየ?» ነበር። እኔም ብሆን ድሮም የዋህ አልነበርኩም። ሰቆጣ ላይ ብቻዬን ዳቦ ቤት ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሁሉን የሚያምን ሰው ዳቦ ቤት አይዝም። ግን ጋሽ ዘለቀ ሲመጡ የእኔ ጥርጣሬ የሕፃን ጨዋታ መሆኑን አወቅሁ። ነፍስ ይማር ሳልል ሞላን ሸኘሁት።

ሲመጡ በጋ ነበር። የጓሮ ክፍሌን ሊከራዩ ከአንድ ደላላ ጋር መጡ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ባርኔጣቸው ፀሐይ የበላው፣ ጡረታ የወጡ የከተማ ፕላን መሐንዲስ። ክፍሉን ከማየታቸው በፊት ግድግዳውን አንኳኩ። መስኮቱን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር አዩ።

«ምን ጠፋዎት?» አልኳቸው።

«ምንም። የሚነድፍሽ አጎንብሰሽ ያላየሽው ነገር ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ምድጃዬን ለኩሼ ስወጣ ግቢዬ መሃል ቆመው ጭስ መውጫዬን አንጋጠው ያያሉ። ብዙ ቆዩ። ደስ አላለኝም። ሰው የሌላውን ሰው ጭስ ምን ብሎ ነው እንዲህ የሚያየው?

«ይኼ ጭስ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእግዜር» አልኳቸው።

«እግዜር በቀን ስንት ሸክም እንጨት ያነዳል?»

ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ወዲያው ልቤ ጠረጠረ፤ ይኼ ሰውዬ ዳቦ ቤቴን ሊዘጋ የመጣ ሰው ነው አልኩ። እውነትም በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ወሬውን ይዞት ዞረ። አንድ ቢሮ ከተማዋ የምታወጣው ካርቦን የሚቀነስበት ዕቅድ እንዲያወጡ ቀጥሯቸዋል ተባለ። ካርቦን ምን እንደሆነ ስላልታወቀ ሁሉም የመሰለውን ሞላበት። ለግብር ነው ያለ አለ። አየራችንን ለፈረንጅ ሊሸጡት ነው ያለም አለ። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ንግሥት፣ አረቄ እያወጣች ከተማውን ሁሉ የምታጠጣው ንግሥት፣ «ዛሬ ጭሱን ይቆጥሩና ነገ እሳቱን ይወስዱታል፤ በኋላ ንግሥት አላለችኝም እንዳትይ!» አለችኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝ።

ሆድ ከሚብሰኝ ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋቸው። በሻይ ሰዓት ነው፤ እኔ ትኩስ ዳቦ አስቀመጥኩላቸው፣ እሳቸው ሥሩን ገልብጠው አዩና ቆረሱ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይኼ ካርቦን የሚሉት ምንድነው? እኔን ነው የሚፈልገው?»

«እንጨት ሲነድ፣ ነዳጅ ሲነድ፣ ቆሻሻ ሲቃጠል ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ ዓይን የማያየው ነገር ነው። ሲበዛ ምድሩ ይሞቃል፣ ዝናቡ ቀጠሮ ያፈርሳል።»

«ዝናቡማ ቀጠሮ ካፈረሰ ቆየ። እዚሁ ቆላችን ዝቋላ ወርደው ይጠይቁ። ያስቀረው ግን የእኔ ዳቦ ነው?»

ያኔ ነው ጥርሳቸውን ያየሁት። «አይደለም። የትልልቆቹ ከተሞች ጭስ ባለበት የእናንተው ምንም ነው። ይኼንኑ ለቢሮው ነግሬያለሁ። ግን ከተማው እያደገ ነው። እንጨቱ እየራቀ ነው። ያንቺም ዓይን እየቀላ ነው። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ይኼን ነው።»

«ዳቦ ቤቴ አይዘጋም?»

«አላውቅም» አሉ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሌላው ሰው ቢሆን «አይዞሽ» ይላል። እሳቸው ዳቦውን ያኝካሉ።

ከዚያ ጠያቂዎች በየቤቱ ተላኩ። በምን ታበስላላችሁ፣ ስንት ታነዳላችሁ እያሉ። አሁን የሀገራችንን ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ፍየል አይቆጠርም። የዝቋላን ሰው «ስንት ፍየል አለህ?» ብትሉት መልሱ «ይመስገን» ነው። ቆጥሮ የተናገረ ሰው ሀብቱን ለሰው ዓይንም ለግብርም አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ልጅ እንኳ አይቆጠርም። ታዲያ ፍየሉንና ልጁን ያልቆጠረ ሰው እንጨቱን ለማያውቀው ሰው ቆጥሮ ሊሰጥ ነው? ንግሥት፣ ያቺ ሦስት ጉልቻዋ ከዓመት ዓመት የማይበርድ፣ «እኔ? ጭራሮ ለቅሜ ነው» አለች። የምግብ ቤቱ ሰውዬ «በመብራት ነው» አለ፤ መብራቱ እኮ ያን ሳምንት አልነበረም። እኔም ተጠየቅሁ። «በወረቀት ነው የማቀጣጥለው፤ ከዚያ በራሱ ይግላል» አልኩ።

ሁሉም እንዲሁ ሲል፣ ተደምሮ ሲታይ ሰቆጣ እንጨት የማታነድ ከተማ ሆና ተገኘች! ዕቅዱን የሚያሠራው ቢሮ ኃላፊ፣ ሱፉ የማይጨማደድ ጎልማሳ፣ ደስታውን አልቻለውም። ከተማችን ንጹሕ ናት፣ ሌሎች መጥተው ከእኛ ይማሩ፣ በዓል እናዘጋጅ አለ አሉ። ጋሽ ዘለቀ ያን ቀን ቤት ሲገቡ ባርኔጣቸውን አልጋው ላይ ወርውረው፣ «እንዴት ያለ ከተማ ነው! ዳቦው የሚበስለው በጸሎት ነው?» አሉ። ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም። ብስቅ ማመኔ ነው።

በገበያው ቀን ከፃግብጂ ገጠር በሚመጣው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንጨት የጫኑ አህዮች እየተከታተሉ ይገባሉ፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችም ከኋላ። ሴቶቹ እሳቸውን እያዩ በቋንቋቸው በኽምጣንጋ ተነጋግረው ሳቁ።

«ምን አሉ?» አሉኝ።

«ይኼ ሽማግሌ አህያ ጠፍቶበት ነው አሉ።»

«ልክ ናቸው» አሉ። «ከተማው የደበቃቸው አህዮች ናቸው የጠፉብኝ።»

ኃላፊው ልባቸውን ሊያራራ ችግኝ የተተከለበት ኮረብታ ወሰዳቸው። እኔም ለእንግዶቹ ዳቦ ይዤ ሄጄ ነበርና አየሁ። እሳቸው ይኼን ያህል ተተከለ የሚለውን ሪፖርት አልሰሙም፤ ጎንበስ አሉና አንዱን ችግኝ በሁለት ጣት ሳብ አደረጉት። ሥሩ ከነላስቲኩ ተነቅሎ መጣ። «የተከላችሁትን አትንገሩኝ፤ የጸደቀውን አሳዩኝ» አሉ። ወዲያው አንዲት ፍየል ከታች ብቅ ብላ ረድፉን ተከትላ እየበላች ወጣች። ማንም አላባረራትም። ጋሽ ዘለቀ ብቻ «ይቺ ዕቅድ አላት» አሉ።

በሰው ላይ ግን ያደረጉት ተንኮል የሚረሳ አይደለም። አንድ እሑድ፣ የሰፈራችን ቄስ መምሬ ካሳ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ጠላው ተቀድቶ፣ ጸበል ጻዲቁ ተቆርሶ፣ ሰው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል፤ አሁን ስንት ታነዳላችሁ ሊለን ነው ብሎ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እኔ የእናንተን እንጨት አልጠይቅም፤ የራሳችሁ ጉዳይ ነው» አሉ። «ጎረቤታችሁ ስንት እንደሚያነድ ብቻ ሹክ በሉኝ።»

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ድዳ የነበረ ሰው አፉ ተፈታ። ተራ ይዞ በጆሯቸው ማንሾካሾክ ጀመረ። እገሌ ቤት ጭስ አይጠፋም፤ እገሊት ግቢ እንጨት እስከ ጣሪያ ነው፤ የእገሌ ከሰል በጭለማ ነው የሚገባው። ንግሥት ስለ እኔ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ብርነሽ? ደን ብትሰጧት በሁለት ቀን አመድ ታደርገዋለች።» ማን ነገረኝ አትበሉኝ፤ ሰቆጣ ነው የምኖረው። እኔስ ስለ እሷ ምን አልኩ? እሱ ይቆየን። ያን ሳምንት በሰፈራችን ሰላምታ ጠፋ። ንግሥትና እኔ በግድግዳው አሻግረን ተሰዳደብን።

ጋሽ ዘለቀ ከስድቡ ማብቂያ ላይ መጥተው ዳቦ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ።

«ተደሰቱ?» አልኳቸው። «ሰፈር አባሉ!»

«አልተደሰትኩም። ራሱን ስጠይቀው አሳነሰ፣ ጎረቤቱን ስጠይቀው አበዛ። አሁን ሁለት ውሸት አለኝ» አሉ። «አንድ እውነት ቸገረኝ። ከአንቺ ነው የምፈልገው።»

«ለምን ከእኔ?»

«ምድጃሽ ትልቅ ነው። አንቺ ከተናገርሽ ሌላው ይከተላል። ዝም ካላችሁ ዕቅዱ ሰቆጣ ምንም አያስፈልጋትም ብሎ ይሄዳል። ትራንስፎርመር አይመጣም፣ የዳቦ ምድጃ የሚችል መስመር አይዘረጋም፤ አንቺም እንጨቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ጭስ ትውጫለሽ።»

«ብናገርስ?»

«ብትናገሪ፣ ይዘጋ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ያንቺ ስም ነው።»

«እንዳይዘጋ ቃል ይገቡልኛል?»

«አልገባም። ያን ለማለት ሥልጣን የለኝም። እኔንም ጠርጥሪኝ።»

በዚህች ንግግር ነው የያዙኝ። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል የገባልኝ ሰው ሁሉ ነው የበላኝ። ውሃ እንኳ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኚህ ሰውዬ ጠርጥሪኝ ሲሉኝ መጠርጠሪያው ጠፋኝ።

ስብሰባው ሰኔ ላይ ተጠራ። ዳቦ ጋጋሪው፣ አረቄ አውጪው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ካህናቱ፣ ሁሉም አዳራሹን ሞላው። ኃላፊው ከተማችን ንጹሕ መሆኗን አብስሮ ተቀመጠ፤ ጭብጨባ ሆነ። ጋሽ ዘለቀ ተነሡና፣ «እዚህ ውስጥ እንጨት የሚያነድ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን መቁጠር ጀመረ። ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ኖሮ አልነሣም ነበር፤ እልኸኛ ነኝ።

ተነሣሁ። ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። «እኔ ብርነሽ፣ በቀን አራት አህያ እንጨት አነዳለሁ» አልኩ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላዬ የንግሥት ድምፅ «ወይኔ ጉዷ!» ሲል ሰማሁ። ትንሽ ቆየችና፣ ሰው ሲበልጣት አትችልም፣ «እኔስ ከእሷ በምን አንሳለሁ? እኔም አለኝ!» ብላ ተነሣች። የራሷን ተናገረች። የምግብ ቤቱ ሰውዬ ተነሣ። ሌሎቹ ጋጋሪዎች ተነሡ። አንድ ባጃጅ ነጂ ሳይጠየቅ የሚቀዳውን ቤንዚን ተናገረ። እንጨቱ እየተቆለለ፣ እየተቆለለ ሄደ፤ ኃላፊው ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንዲህ ከሆነማ» አለ ተነሥቶ፣ «ርምጃ መውሰድ አለብን። ከፍልሰታ በፊት በእንጨት የሚሠሩ ዳቦ ቤቶች ይዘጉ፤ እንጨትና ከሰልም ከተማ መግቢያው ላይ ይቁም። የካርቦን ልቀቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።»

ይኸውልሽ ብርነሽ፣ በገዛ አፍሽ! አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ማለት ይኼኔ ነው። ዞሬ ጋሽ ዘለቀን አየሁ። መነጽራቸውን አውልቀው በከረቫታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሸጡኝ አልኩ። ይችን ይችን ብለው ነው ለካ ዳቦዬን ሲበሉ የከረሙት!

መነጽራቸውን አጠለቁና ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«መብራቱ የሚመጣበትን ቀን የሚያውቅ ሰው እጁን ያንሣ።»

እጅ የለም።

«እንግዲያውስ ዳቦ ቤቱ የሚዘጋበትንም ቀን ማንም አያውቅም። ከሁሉ በፊት በእጃችን ያለውን እንሥራ። ከተማው ዳር ሲጨስ የሚከርመው ቆሻሻ የማን ነው? እሱን ለማጥፋት ትራንስፎርመር አያስፈልግም። ደጅ የቆመው የቢሮ መኪናስ? ስብሰባው ከተጀመረ ጀምሮ ሞተሩ አልጠፋም።» ሁላችንም አዳመጥን፤ እውነትም ይንደቀደቃል። አንዱ ተነሥቶ ሮጠ። «ቀጥሎ የመብራት ኃይሉ ይምጣ፤ ቀጥሎ ምድጃው። ይቺ ሴት በመብራት ጋግራ፣ ሸጣ፣ ክረምትና በጋ ካለፈባት በኋላ ነው እንጨቷ የሚቆመው። መግቢያው ላይ እንጨት ይቁም ብላችሁ እንጨት ተሸካሚዋን የፃግብጂ ሴት ከዕቅዱ ውጭ ካደረጋችኋት በሌላ በር ትገባለች፤ ልጆች አሏታ። ለእሷም ሥራ ይታሰብ። በየዓመቱ ደግሞ ተመልሶ ይቆጠር፣ የቆጠረውም ሰው ይጠርጠር። ይኼ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ስሜን ከዕቅዱ አውጡት።»

«ያለ እርስዎ ስም የበላይ አካል አይቀበለውም» አለ ኃላፊው።

«አውቃለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተጨቃጨቁ፤ ግን ነገሩ አልቋል። ዕቅዱ እሳቸው እንዳሉት ሄደ፣ ወይም ሄደ ተባለ። ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ አላስችል አለኝ።

«ኃላፊው ይዘጋ እንደሚል ቀድመው ያውቁ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ አትነሺም ነበር።»

መንገድ ላይ ጥያቸው ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ዳቦ ቤቴን እንደ መያዣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነው የተጫወቱት። አሸነፉ፣ እሺ። ባያሸንፉስ? ይኼን ጥያቄ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ መልሱም «አላውቅም» እንደሚሆን አውቃለሁ።

በሐምሌ መጀመሪያ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። መኪናው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፣ ከሾፌሩም ጋር ትንሽ ተከራከሩ። ለእኔ ያሉኝ፣ «የመብራት ምሰሶ ሳታዪ ምድጃሽን እንዳታፈርሺ» ብቻ ነው። ደኅና ሁኚ እንኳ በቅጡ አላሉም።

ፍልሰታ ገባ፣ ወጣ። የሚዘጋኝ አልመጣም። መብራቱም አልመጣም። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። ንግሥት በግድግዳው በኩል «የጭሱ ሰውዬሽ የት ደረሱ?» ትለኛለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እያልኩ እንጨቴን እማግዳለሁ። ከተማው ዳር ያለው ቆሻሻ መጨሱን ትቶ አፈር ለብሷል፤ ያን አይቻለሁ፣ አልክድም። ግን እኔን ምን ጠቀመኝ? ሊዘጉኝ የሚመጡ መስሎኝ በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ በቀዳዳ አያለሁ። በሰው ፊት ቆሜ የተናገርኩትን አራት አህያ መልሼ መዋጥ አልችልም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ስልኬ ጠራ።

«ብርነሽ፣ ምሰሶ ቆሟል ብለው ፎቶ ላኩልኝ» አሉ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አላመንኳቸውም። የሌላ ከተማ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ውጪና እዪልኝ።»

«የትኛው ምሰሶ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ታች፣ መታጠፊያው ላይ ነው የሚሉት።»

እጄ ሊጥ እንደሆነ ወጣሁ። እውነትም ቆሟል። አዲስ ምሰሶ፣ ላዩ ላይ ትራንስፎርመር፣ ሠራተኞቹ ሽቦ ይጎትታሉ።

«ቆሟል ጋሽ ዘለቀ።»

«ንኪው።»

«ምን?»

«በእጅሽ ንኪው። ገፋ አድርጊው።»

ሰው እያየኝ ምሰሶ ገፋሁ። ሠራተኞቹ አበደች ብለው ቆመው ያዩኛል። «አልነቃነቅም አለ» አልኳቸው። በስልኩ ውስጥ ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ። የሠራተኞቹ አለቃ ቀረብ ብሎ፣ «ሽማግሌው ናቸው? በየሳምንቱ እየደወሉ ነፍሳችንን አወጡን እኮ! ሥራውን ከዳቦ ቤቷ ጀምሩ የሚሉት እርስዎን ነው?» አለኝ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልሰው ተዘግቷል። ድምፃቸውን ከዚያ ወዲያ አልሰማሁትም። ታመው እንደነበርም አልነገሩኝም።

ከሌሎቹ ጋጋሪዎች ጋር ተደራጅተን የመብራት ምድጃ አስመጣን። ዓይኔ መቅላቱን ተወ። መብራት የጠፋ ቀን አሁንም አሮጌውን እለኩሳለሁ፤ መዝጋቱም ገና ነው፣ ልክ ዕቅዱ እንዳለው። ሞላ የሞታቸውን ወሬ ይዞልኝ የመጣው ይኼ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

ላምንም ላላምንም እየታገልኩ መምሬ ካሳ ዘንድ ሄድኩ። ለአርባቸው ዳቦ ጋግሬ ቤተ ክርስቲያን ላመጣ ነው፣ ይጸልዩላቸው አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ። የክርስትና ስማቸው ማነው?»

አላውቀውም! በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል። ያውም ጋሽ ዘለቀ! የአልጋቸውን ሥር ሳያዩ የማይተኙ ሰውዬ ለአከራያቸው ሊነግሩ?

«ዘለቀ ብለው ይጥሩላቸው አባቴ።»

«ዘለቀ የዓለም ስም ነው ልጄ። በእሱ ፍትሐት አይደረስም።»

ሞላ በዘመዱ በኩል የልጃቸውን ስልክ ፈልጎ አመጣልኝ። ደወልኩ። ቀዝቃዛ የሴት ድምፅ አነሣው።

«ማን ልበል?»

«ብርነሽ እባላለሁ፣ ከሰቆጣ። የጋሽ ዘለቀ ልጅ ነሽ?»

«ስልኬን ማን ሰጠሽ?»

ሞላን ነገርኳት፣ የሞላን ዘመድ ነገርኳት። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። «እውነት ነው፣ አርፈዋል?» አልኳት። ድምፅዋ ተሰበረ። «አዎ። እኔ ነኝ ዓይናቸውን የከደንኩት» አለችኝ። ያኔ ነው ያመንኩት። ዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነፍስ ይማር አልኩ፣ አለቀስኩም። እሷም አለቀሰች። ሲበርድልን፣ ቄሱ ያሉትን ነገርኳትና ስማቸውን ጠየቅኋት።

ለቅሶዋ ቀጥ አለ። «ለምንድነው የፈለግሽው?»

«ለጸሎት አልኩሽ እኮ ልጄ።»

«የክርስትና ስም በስልክ አይነገርም።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። «እኔም ብሆን አልናገርም።» ልዘጋው ነበር።

«ቆይ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በቀን ስንት አህያ ነበር የምታነጂው?»

«አራት።»

«አባባ አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ያነሡሽ ነበር» አለችኝ። «'ያቺ ሴት እውነቱን ስትናገር ዳቦ ቤቷን ከመዘጋት ማዳን መቻሌን አላውቅም ነበር፤ መብራቱ ሳይገባላት ብሞት ምን ይውጠኛል' ይሉ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስሙን ነገረችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ደግማ ነገረችኝ።

ዳቦውን ጋገርኩ፤ ንግሥት ሳትጠራ መጥታ ሊጡን አብራኝ አቦካች። በአርባው ጠዋት ስማቸውን ለመምሬ ካሳ በጆሯቸው ተናገርኩ። ለእናንተ ግን አልነግራችሁም። ማን እንደሆናችሁ በምን አውቃለሁ?